የኖኅ እጅ፦ በውርጭ ወራት ስለሚጣሉ ዳክዬዎች



በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ላይ ስለ ኖኅ ርግብ የተጻፈውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን እናውቀዋለን። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነው የወይራ ቅጠል በአፍዋ ይዛ የተመለሰችበትን ሁለተኛውን ጉዞዋን ነው። ሥዕሉም የሚሣለው፣ ስብከቱም የሚሰበከው ስለዚያ ነው። ከዚያ በፊት ግን ርግቢቱ አንድ ጊዜ ወጥታ ባዶዋን ተመልሳ ነበር፤ ምድር ሁሉ ገና በውኃ ተሸፍና ስለነበር እግርዋን የምታሳርፍበት ስፍራ አላገኘችም። ኖኅ በዚያን ጊዜ ምን እንዳደረገ ቅዱስ መጽሐፍ በቍጥር 9 ላይ በዝርዝር ይነግረናል። እጁን ዘረጋ፤ ያዛት፤ ወደ መርከቡ አስገባት። ስለ ብዙ ታላላቅ ነገሮች በአጭሩ የሚናገረው መጽሐፍ አንዲት የደከመች ወፍ ወደ መጠለያዋ የገባችበትን ሁኔታ በሦስት ግሦች መግለጹ ልናስተውለው የሚገባ ነው።

ኖኅ ሊያመካኝበት የሚችል ነገር አልጠፋም ነበር። «ክንፍ አላት፤ ሰማዩ የእርስዋ ነው፤ ነጻ አውጥቻታለሁ፤ እንግዲህ ራስዋን ታውቃለች» ማለት ይችል ነበር። እርሱ ግን በመርከቡ ውስጥ ሲመግባት የቈየችውን ፍጡር እግርዋን የምታሳርፍበት ሳይኖራት በውኃ ላይ አልተዋትም። ደግሞም በሦስተኛው ጊዜ ሄዳ ባልተመለሰች ጊዜ ሊያስመልሳት አልሞከረም፤ ምድሪቱ ደርቃ፣ ማረፊያና ምግብ ተገኝቶ ነበርና። መልቀቅ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ መቀበል ግዴታ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ሁለቱን የሚለያቸው የለቃቂው ፍላጎት ሳይሆን ተለቃቂዋ የምታርፍበት ስፍራ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ይህን ቃል ዛሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች መጽሔት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ምእመናኖቻችን እጅ ትገባለች፤ ከእነርሱም መካከል አንዳንዶች በሚኖሩባቸው ከተሞች መናፈሻ ውስጥ፣ ኩሬው በረዶ መሥራት ሲጀምር፣ ባለቤት የሌላቸው ነጫጭ ዳክዬዎች ዳር ዳሩን ተኰራምተው እንደሚያዩ ገልጸው፣ አይቶ ማለፍ ኃጢአት ነው ወይ? ብንረዳስ እንዴት ነው የምንረዳው? ሲሉ ጠይቀውናል። በአገር ቤት ላሉ አንባብያን ነገሩ እንግዳ ሊሆን ይችላል። እኛ ክረምት ስንል ዝናሙን፣ ጭቃውንና የሰኔን ጉም እናስባለን። የእነርሱ ክረምት ግን ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ፣ ማለትም በእኛ በጋ፣ ውኃ እንደ ድንጋይ የሚጠነክርበት፣ የሣሩ መሬት ለሳምንታት በአመዳይ ተሸፍኖ የሚሰነብትበት ወራት ነው።

ዳክዬዎቹ ወደዚያ ኩሬ እንዴት መጡ? መልሱ እኛን ክርስቲያኖችን የሚያሳፍር ነው። በእነዚያ አገሮች በትንሣኤ በዓል ሰሞን ቢጫ ጫጩቶች፣ የዶሮም የዳክዬም፣ ለልጆች መጫወቻ ይሸጣሉ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ልጁ ይደሰታል፤ ቤተ ሰቡም የበዓሉ ምልክት ነው ብሎ ያስባል። ነገር ግን የዳክዬ ጫጩት በ2 ወር ገደማ ውስጥ ሙሉ ዳክዬ ይሆናል። ውኃ ይረጫል፣ ቤት ያቈሽሻል፣ በተለይ እንስቲቱ ድምፅዋ ጎረቤት ያስቈጣል። በደኅና ከተያዘ 10 ዓመት ያህልና ከዚያም በላይ የሚኖር መሆኑን ሲገዙ የነገራቸው የለም። መኸር ሲደርስ በካርቶን ተደርጎ ወደ መናፈሻው ኩሬ ይወሰዳል። ልጁ እንዳያለቅስም «ከወንድሞቹ ጋር ይኑር፣ ነጻ ይውጣ» ይባላል። የጌታችንን ትንሣኤ ለማክበር የተገዛ ሕያው ፍጡር ልደቱ ሳይደርስ በበረዶ ላይ ይጣላል ማለት ነው።

«ነጻ ይውጣ» የሚለውን ቃል ጥቂት ልንመረምረው ይገባናል፤ ስሕተቱ ሁሉ የተሸሸገው በእርሱ ውስጥ ነውና። የቤት ዳክዬ ከአንዱ ወገን በቀር፣ ዝርያው ሁሉ የመጣው ወንዱ አረንጓዴ ራስ ካለው የዱር ዳክዬ ነው። ያ የዱር ዳክዬ 1 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ክብደት አለው። ሰው ግን ሥጋውንና ዕንቍላሉን ፈልጎ በብዙ መቶ ዓመታት መራጭነት አከበደው፣ አነጣው፣ አለመደው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1873 ከቻይና ወደ ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ የገባውና ዛሬ በመናፈሻ ኩሬዎች አዘውትሮ የሚታየው ነጩ የፔኪን ዳክዬ ከ3 ኪሎ ተኩል እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ክንፉ ግን ያን ክብደት ተሸክሞ አይነሣም። ቢሮጥና ቢያርገበግብ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይወድቃል። በነጭነቱም ከሩቅ ይታያል፤ የሚሸሸግበት ቀለም የለውም። ከዱር ዘመዶቹ የተለየው ሌላው ወገን ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ ሙቅ አገር የመጣው፣ ፊቱ ላይ ቀይ ሥጋ የሚያበቅለው ሞስኮቪ የሚባለው ዳክዬ ነው፤ እርሱ ጥቂት መብረር ቢችልም ብርድን የመቋቋም ኃይሉ ከፔኪን ያነሰ ነው።

የዱር ዳክዬዎች ግን ውርጩ ሲቀርብ ይነሣሉ። ከአውሮፓና ከእስያ ሰሜን ተነሥተው ባሕርንና በረሃን አቋርጠው ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ የሚያርፉት በእኛው አገር፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በዝዋይና በአብያታ ውኃ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ያያቸዋል። እግዚአብሔር የብርድን ወራት የማምለጫ መንገድ በውስጣቸው አኑሮላቸዋል። በሚኒሶታ ወይም በቶሮንቶ ኩሬ ላይ የተጣለው ነጩ ዳክዬ ደግሞ ዘመዶቹ ከራሱ በላይ ሲያልፉ ያያል፤ ሊከተላቸው ግን አይችልም። መንገዱን የወሰደበት እግዚአብሔር አይደለም፤ ሰው ነው።

ይህን ስንል ዳክዬ ለብርድ ምንም መከላከያ የለውም ማለታችን አይደለም። እንዲያውም የፈጣሪ ጥበብ በዚህ ፍጡር ላይ ያደረገውን ማየት ለመዝሙረኛው ምስጋና ምክንያት የሚሆን ነው። በላባው ሥር ጥጥ የመሰለ ሌላ ላባ አለው። ጭራው ሥር ካለች ዕጢ በምንቃሩ ቅባት እየወሰደ ላባውን ይቀባል፣ ያበጥራል፤ ውኃም አይገባውም። በእግሩ ውስጥ ደም ቅዳና ደም መልስ ተጠጋግተው ስለሚያልፉ፣ ወደ ታች የሚወርደው ሙቅ ደም ከበረዶው ላይ የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም ያሞቀዋል፤ በዚህም ምክንያት ገላው ሳይቀዘቅዝ በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ውሎ ያድራል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጸጋ የሚሠራው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፤ የሚጠግብበት ምግብ፣ ያልረጋ ውኃና ከነፋስ የሚከለልበት ደረቅ ማረፊያ። የራበው ዳክዬ ሙቀት ማመንጨት አይችልም። ውኃ ያጣ ዳክዬ ላባውን ማጠብና መቀባት አይችልም፤ ላባው ሲረጥብ ብርዱ ወደ ሥጋው ይገባል። ቀኑን ሙሉ በበረዶ ላይ ሲቆም እግሩን ውርጭ ይመታዋል።

ሌሊቱ ከቀኑ ይከፋል። ኩሬው ሲረጋ ዳክዬዎቹ እየዞሩ በመዋኘት መካከሉን ክፍት አድርገው ለማቆየት ይጥራሉ። ብርዱ ሲበረታ ያች ቀዳዳ በየሌሊቱ ትጠባለች። በስተመጨረሻ ከውኃው ወጥተው በበረዶው ላይ ማደር ግድ ይሆንባቸዋል፤ በጋ ሙሉ ውኃው ያገደው ቀበሮም በዚያው በረዶ ላይ ተራምዶ ይመጣል። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ የሚያልፍ ሰው በአመዳዩ ላይ የተበተነ ነጭ ላባ ያያል። «ነጻ ይውጣ» የተባለው ነጻነት ይህ ነው።

እንግዲህ አለመድነው ያልነውን ፍጡር ወደ ዱር መመለስ ነጻ ማውጣት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። አዳም እንስሳትን በስማቸው እንዲጠራ በተሰጠው ጊዜ (ዘፍ. 2፥19) የተቀበለው ሥልጣን ብቻ አይደለም፤ በስም የሚጠራ ሰው ሲጠሩት መልስ መስጠትም አለበት። መጽሐፈ ምሳሌ በ12፥10 የጻድቅን ሰው ምልክት ሲናገር ጾሙንና ምጽዋቱን አያነሣም፤ የእንስሳውን ነፍስ ማወቁን ነው የሚያነሣው። የእስራኤል ሕግም (ዘዳ. 22፥1-3) የጠፋ በሬ ወይም በግ ያገኘ ሰው እንዳላየ እንዳያልፍ ያዝዛል። ባለቤቱ ሩቅ ቢሆን ወይም ባይታወቅ እንኳ ወደ ቤቱ ወስዶ ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ እንዲያቆየው ይነግረዋል። ሕጉ «እንስሳው የማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ያየው ማን ነው?» የሚለውን ማስቀደሙን ልብ በሉ። ስለሆነም ለጠየቃችሁን ምእመናን የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው። የጣለው ሰው በደለኛ ነው፤ ያየውም ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የድርሻውን ተጠያቂ ይሆናል።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ቀላል አድርገን ልናልፈውም አንፈልግም። «በአገራችን ሰው ተርቦ፣ ተፈናቅሎ፣ ሕፃናት በየጎዳናው እያደሩ፣ እናንተ ስለ ዳክዬ ትሰብካላችሁ?» የሚል ሰው ይኖራል። ይህን የሚለው ሰው ልቡ በትክክለኛው ስፍራ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ከእርሱ ጋር ትስማማለች። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ከቍጥር 2415 እስከ 2418 ባለው ክፍል ሁለቱንም ወገን ይገሥጻል። እንስሳትን ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል የሰውን ክብር የሚቃረን መሆኑን ያስተምራል። ወዲያውም በቅድሚያ ለሰው ልጅ ሥቃይ መዋል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳ ማፍሰስ የማይገባ መሆኑን፣ ለሰው ብቻ የሚገባውንም ፍቅር ለእንስሳ መስጠት ትክክል እንዳልሆነ ይናገራል። በፍቅር ውስጥ ሥርዓት አለ። ከወንድሙ አፍ ነጥቆ ለዳክዬ የሚያበላ ሰው ምሕረት አላደረገም።

ነገር ግን ራሳችንን በእውነት እንመርምር። በኩሬው ዳር አይተነው ያለፍነው ዳክዬ የተቀመጠውን ገንዘብ ለድሀ ስለሰጠን ነው ወይስ ስለ በረደንና ስለ ቸኰልን? ብዙውን ጊዜ አንዱን ምሕረት የምንተወው ሌላውን ስለምናደርግ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ላውዳቶ ሲ በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው በቍጥር 92 ላይ በፍጥረታት ላይ የሚታይ ግድየለሽነት ወይም ጭካኔ ውሎ አድሮ ሰው በሰው ላይ ወደሚያሳየው ጠባይ እንደሚተላለፍ አስተምረዋል። ልብ ሁለት አይደለም። ነቢዩ ዮናስ በነነዌ መዳን በተቈጣ ጊዜ እግዚአብሔር የመለሰለት መልስ (ዮና. 4፥11) የሰዎቹን ቍጥር ከተናገረ በኋላ እንስሳቱንም ሳይረሳ ጨምሮ መጥቀሱ ለዚህ ምስክር ነው። ከሰዎቹ አላስቀደማቸውም፤ ከቍጥሩ ግን አላጐደላቸውም።

በውጭ አገር ያላችሁ ምእመናን ደግሞ አንድ ነገር ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ክረምታችሁ ምን ያህል እንደ ነበረ፣ በቀጭን ጫማ በረዶ ላይ መቆም ምን እንደሚመስል፣ ካፖርት አውልቆ የሰጣችሁ ሰው ማን እንደ ነበረ አትረሱትም። ሰውን ከወፍ ጋር ማነጻጸራችን አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ግን በምዕራፍ 23 የጠላትን እንኳ የባዘነ አህያ መመለስንና ለበሬና ለአህያ ዕረፍት መስጠትን ሲያዝ፣ በዚያው መካከል እስራኤል የስደተኛን ነፍስ እንደሚያውቁ ያስታውሳቸዋል። ያን ማወቅ የርኅራኄ ትምህርት ቤት ነው።

ይሁንና ርኅራኄ ዕውቀት ያስፈልገዋል። ደጉ ሳምራዊ ማልቀስ ብቻ ሳይሆን ቍስል ማሰር ያውቅ ነበር፤ ዘይትና ወይን ይዞ ነበር፤ የእንግዳ ማረፊያውንም መንገድ ያውቅ ነበር። ለዳክዬዎች ብዙ ጊዜ የሚደረገው ምሕረት ዳቦ መወርወር ነው። እንጀራ መጣል ነውር በሆነበት ቤት ላደግን ለእኛ ይህ መልካም ሥራ ይመስለናል። ዳቦ ግን የዳክዬን ሆድ ይሞላል እንጂ ብርድ የሚያስችል ኃይል አይሰጠውም፤ የተረፈውም ውኃውን ያበላሻል፣ አይጥ ይጠራል። በዚያ ፈንታ ለውኃ ወፎች የተዘጋጀ መኖ ከእርሻ ዕቃ መሸጫ መግዛት ይቻላል። ካልተገኘም የተከካ በቆሎ፣ ስንዴ፣ አጃና ገብስ ተቀላቅሎ፣ ከዚህም ጋር በረዶው የለቀቀለት አተርና የተከተፈ ጎመን ይጠቅማል። ለአንድ ትልቅ ዳክዬ በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ብርዱ ሲጠና ጥቂት ይጨመርለታል። በቆሎውን ወደ ማታ መስጠት ጥሩ ነው፣ ሌሊቱን የሚያሞቅ ኃይል ይሰጣልና። በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ ቢሰጣቸው ይለምዳሉ፤ ይህም በኋላ ለመያዝ ያግዛል። አንድ እሑድ ጆንያ ሙሉ አፍስሶ ሳምንቱን ሙሉ መቅረት ግን ከምሕረት ይልቅ ጨዋታ ነው።

ከምግቡ አጠገብ ውኃ መኖር አለበት። ዳክዬ ደረቅ ምግብን የሚውጠው ከውኃ ጋር ነውና፣ ያለ ውኃ ሊያንቀው ይችላል። ኩሬው ረግቶ ከሆነ ለብ ያለ ውኃ በጎማ ሳፋ ማቅረብ ይገባል። ውኃው ምንቃሩንና የአፍንጫውን ቀዳዳ ለማጥለቅ የሚበቃ ጥልቀት ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ዓይኑንና አፍንጫውን የሚያጥበው በዚያ ነው። በረዶውን ለማቅለጥ ጨው ወይም ሌላ ኬሚካል ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም።

ስለ ማረፊያው፣ የመናፈሻውን አስተዳደር አስፈቅዶ በሦስት ወገን የተከለለ፣ ጀርባውን ለነፋሱ የሰጠ ዳስ ማቆም ይቻላል። በውስጡ ድርቆሽ ሳይሆን ጭድ በብዛት ይነጠፍ፤ ድርቆሽ እርጥበት ይዞ ቶሎ ይሻግታል፣ ጭድ ግን በአገዳው ውስጥ አየር ስለሚይዝ እግራቸውን ከበረዶው ይለያል። ይህን ሁሉ የምንናገረው ግን ለጥቂት ቀናት ማቆያ እንዲሆን ነው። ክፍት ዳስ ቀበሮን አያግድምና፣ ሌሊት በሩ የሚዘጋበት ስፍራ እስኪገኝላቸው ድረስ ሥራው አላለቀም። በቤቱ ጓሮ ቦታ ያለው ሰው ቢቀበላቸው ቤቱ ነፋስ የማይገባው፣ ከላይ ግን አየር የሚተነፍስ ይሁን፤ የዳክዬ ትንፋሽ እርጥበት ይበዛዋል። መስኮቱም በጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይሸፈን፤ በሰሜን አሜሪካ ራኩን የሚባለው አውሬ እንደ ሰው በእጁ እየነካካ ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ ያልፋል።

ለመያዝ ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ በረዶ ሳይረጋ በፊት፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ከመያዛችን አስቀድሞ ግን የቤት ዳክዬ መሆኑን ማረጋገጥ አለብን። ትልቅና ከባድ፣ ብዙ ጊዜ ነጭ የሆነ፣ ሲቀርቡት የማይበር ከሆነ የቤት ነው። የዱር ዳክዬን መያዝ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጤነኛ የዱር ዳክዬም የእኛን እርዳታ አይሻም። የቤት እንስሳን መጣል ደግሞ በብዙዎቹ ግዛቶች ወንጀል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ለከተማው የእንስሳት ጥበቃ ክፍል ወይም ለአዕዋፍ ረድኤት ለሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ስልክ መደወል ይገባል። ሦስት ወይም አራት ሰዎች ሆነው፣ በሰፊ ካርቶን ወይም በሣንቃ እንደ አጥር ከልለው፣ በለሰለሰ እርምጃ ወደ ማእዘን ይነዷቸዋል፤ ሩጫና ጩኸት ወደ ውኃው ይመልሳቸዋል። በእግሩ ወይም በክንፉ መያዝ አጥንቱን ይሰብራል፤ ክንፎቹን በገላው ላይ አጥፎ፣ ከሥሩ ደግፎ፣ እንደ ሕፃን ማቀፍ ነው። ዳክዬ ያለ ጓደኛ አይኖርም፤ አብረው የኖሩትን አለመለየት ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ እንደ አባት አንድ ጥብቅ ትእዛዝ እንሰጣለን። በምንም ምክንያት በረገ ኩሬ ላይ አትራመዱ፤ ልጆቻችሁንም አታስራምዱ። በረዶ ውስጥ የታሰረ ዳክዬ ብታዩ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጥሩ። የዳክዬ ነፍስ ለማዳን የወጣ ሰው ሕይወቱን ቢያጣ፣ ከላይ የተናገርነው የፍቅር ሥርዓት ተገለበጠ ማለት ነው። ደግሞም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርቱ የወፍ ጉንፋን ስለ ተስፋፋ፣ ጓንት ማድረግ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የተያዘውንም ዳክዬ ከሌሎች ዶሮዎችና ዳክዬዎች ለይቶ 30 ቀን ያህል ማቆየት ይገባል። የሞተ ወፍ ያገኘ ሰው በእጁ ሳይነካ ለሚመለከተው ክፍል ያስታውቅ። እግሩ የገረጣ፣ ያበጠ ወይም የጠቈረ ዳክዬ ውርጭ የመታው ነውና አይታሽ፤ በእሳት አጠገብም አይደረግ። ለብ ባለ ውኃ ቀስ በቀስ ይሞቅ፣ ወደ እንስሳት ሐኪምም ይወሰድ።

ይህ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚን ሁሉም ያውቀዋል፤ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1979 ለፍጥረት እንክብካቤ ለሚደክሙ ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ አድርገው ሰይመውታል። ከእርሱ 500 ዓመት በፊት ግን በእንግሊዝ ሰሜን ጠረፍ፣ በፋርን ደሴት፣ ቅዱስ ካትበርት የሚባል መነኵሴ ይኖር ነበር፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ687 ነው። በደሴቲቱ የሚፈለፈሉትን የባሕር ዳክዬዎች ማንም እንዳይነካቸው እንደ ጠበቃቸው በትውፊት ይነገራል። የአካባቢው ሕዝብ እስከ ዛሬ ድረስ ያን ዳክዬ በቅዱሱ ስም አሳጥሮ ይጠራዋል። በእኛም አገር አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር ሣሉልን እንጂ ብቻቸውን አልሣሉልንም።

በአገር ቤት ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ይህ ጽሑፍ ለሩቅ ሰው የተጻፈ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ጋሪ ሲጐትት ኖሮ ወገቡ የቈሰለ ፈረስ፣ እግሩ የተሰበረ አህያ፣ ከእንግዲህ ስለማይጠቅም ከከተማው ዳር ሲለቀቅ አይተናል። እርሱንም «ለቀቅኩት» ይሉታል። ጨለማው ሲወርድ የሚመጣው ጅብ ነው። በሬ ሲያረጅ ምን ይደረግ፣ ፈረስ ሲደክም ማን ይጡረው የሚለው ጥያቄ ለድሀ ባለ ጋሪ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ለእርሱ የሚሆነው መልስ ከወቀሳ ይልቅ የቁምስናው እርዳታ ነው፣ ስለዚህም በሌላ ጊዜ በሰፊው እንመለስበታለን።

በውጭ ላሉት ቁምስናዎቻችን የምንጠይቀው ጉዳይ አንድ ነው፤ ጊዜውም ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልጆቹን በሚያስተምሩበት ሰዓት ወላጆችን ጠርተው፣ ለትንሣኤ በዓል ሕያው ጫጩት እንዳይገዙ ይምከሯቸው። አስቀድመው የገዙና ማቆየት ያልቻሉ ካሉም ሳይፈሩ ለቄሱ ወይም ለመምህሩ ይንገሩ፤ በዚያን ጊዜ መዝለፍ አይገባም፣ የተዘለፈ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ማታ በጨለማ ወደ ኩሬው ይሄዳልና። ከምእመናን መካከል ጓሮ ያላቸውን፣ ወይም ከከተማ ወጣ ብሎ እርሻ ያለው ሰው የሚያውቁትን፣ ስማቸውን በመዝገብ ጽፎ መያዝ አንድ ወጣት በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጽመው ሥራ ነው። ይህ መዝገብ እስከ መስከረም መጨረሻ ተዘጋጅቶ ቢቈይ፣ ኩሬው ሳይረጋ በጥቅምት ውስጥ ዳክዬዎቹን ለማንሣት ጊዜ ይበቃል።